በሃምሳ ሦስት ዶላር የተገዛ ጉልበት

የሌለውን ገንዘብ ሲያወጣ ያላያችሁትን ሰው «አውቀዋለሁ» አትበሉ። የቢሮዬ ሰዎች ምሳ በልተን ሂሳብ ሲመጣ የቲፑን ሳንቲም ሳይቀር በስልካቸው አካፍለው የሚከፍሉ፣ የቡና ማሽኑ ሩብ ዶላር ቢጨምር ሳምንቱን ሙሉ የሚያማርሩ ቁጥቦች ናቸው። መጋቢት ሲገባ ግን እነዚሁ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው፣ አንድም ቀን በአካል አግኝተውት ለማያውቁት የቬኔዝዌላ ልጅ «ሃምሳ ሁለት!» «ሃምሳ ሦስት!» እያሉ ይጮኻሉ። ልጁ አይሰማቸውም። ገንዘቡም የለም። እውነተኛው ነገር ጩኸቱ ብቻ ነው።

ጨዋታው ፋንታሲ ቤዝቦል ይባላል። አዲስ አበባ ያለ አንባቢ ግማሹን ያውቀዋል፤ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ፋንታሲ የማይጫወት ወጣት የሌለበት ሰፈር ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። እዚያ ግን ዋጋ የሚተምነው ጨዋታው ራሱ ነው። መቶ ሚሊዮን ይሰጥሃል፣ አሥራ አምስት ተጫዋች ትገዛበታለህ፣ ሳላህ አሥራ ሁለት ተኩል ነው ከተባለ ለአንተም ለጎረቤትህም ለአለቃህም አሥራ ሁለት ተኩል ነው። ኮል ፓልመር በ2023/24 በ5 ሚሊዮን ተጀምሮ 244 ነጥብ ሲያመጣ ቀድሞ የያዘው ሁሉ እኩል ነው የጨፈረው። እኛ የምንጫወተው የጨረታው ዓይነት ይህን ቸርነት አያውቅም። አንድ ተጫዋች ያለው አንድ ጌታ ብቻ ነው፤ እኔ ከያዝኩት አንተ የለህም። ዋጋ የሚቆርጥም ኮምፒውተር የለም፤ የሚቆርጡት የተቀመጡት ሰዎች ናቸው፤ ከነቂማቸው፣ ከነምቀኝነታቸው፣ ከነአምና ትዝታቸው።

ይህን ጣጣ ያመጣብን ዳንኤል ኦክረንት የሚባል ጸሐፊና አርታዒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 መጨረሻ ከሃርትፎርድ ወደ ቴክሳስ ሲበር ሕጉን ነደፈው። ቴክሳስ ወርዶ ለወዳጆቹ ቢያስረዳቸው ከቁም ነገር አልቆጠሩለትም። ኒውዮርክ ላይ፣ ላ ሮቲሰሪ ፍራንሴዝ በምትባል ምግብ ቤት አብረውት ምሳ ለሚበሉ የመጻሕፍትና የመጽሔት ሰዎች ሲነግራቸው ግን ነገሩ ተያዘ፤ ሮቲሰሪ ቤዝቦል የተባለውም በእሷ ስም ነው። የመጀመሪያው ጨረታ በ1980 የጸደይ ወራት ተካሄደ። ኋላ የጸናው ሕግ ለእያንዳንዱ ባለቡድን 260 ዶላር ይሰጣል፣ በእሱም 23 ተጫዋች። ከመጀመሪያው ጨረታ በዓመቱ የቤዝቦል ተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ መቱ፤ የሚጽፉት ያጡ ጋዜጠኞችም ስለዚህ የምሳ ሰዓት ጨዋታ መጻፍ ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው! እኔን የሚያስቀኝ ግን ሌላ ነው፤ ፈጣሪው ራሱ በፈጠረው ሊግ አንድም ጊዜ አላሸነፈም። ይህን ሳስብ ለሰውዬው ያለኝ አክብሮት ይጨምራል። ሌላው ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ዓመት ሕጉን ለራሱ በሚመች መንገድ ያሻሽለው ነበር።

ሂሳቡ በወረቀት ላይ ንጹሕ ነው። አሥራ ሁለት ሰው 260 ዶላር ሲይዝ ጠረጴዛው ላይ ያለው ጠቅላላ ገንዘብ 3,120 ነው፤ የሚሸጠው ተጫዋች ደግሞ 276። ከዚህ በላይ አንድ ዶላር አይታተምም። ማንም የማይጓጓለት የመጨረሻው ተጫዋች 1 ዶላር ያወጣል፤ የተረፈው ገንዘብ ከእሱ በላይ ላሉት እንደየብልጫቸው ይደለደላል። ብልጫውም በአሥር ዘርፍ ይለካል። መቺው ስንት ሆም ረን እንዳወጣ (ኳሷን ከአጥር ማዶ እንደሰደደ)፣ ስንት ቤዝ እንደሰረቀ (ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው ሳይጠበቅ እንደሮጠ)፣ ወርዋሪው ስንት ጨዋታ እንዳሸነፈ፣ ስንት መቺ እንዳባረረ እየተባለ ይቆጠራል። በአንድ ዘርፍ አንደኛ የወጣ 12 ነጥብ፣ መጨረሻ የወጣ 1 ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ የተጫዋች ዋጋ «ጎበዝ ነው ወይ?» ተብሎ አይጠየቅም። «ስንት ደረጃ ከፍ ያደርገኛል?» ተብሎ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ይለያያሉ። ጄምስ ውድ የሚባለው የዋሽንግተን ናሽናልስ ወጣት (ስሙ ለአማርኛ ሰሚ ዋጋውን አስቀድሞ ይናገራል) በ2025 31 ሆም ረን መታ፤ 221 ጊዜ ደግሞ ሳይመታ ተባረረ። አሠልጣኙ ሁለቱንም ያያል። በእኛ ሊግ የመቺ መባረር ስለማይቆጠር ባለቤቱ ያየው 31ዱን ብቻ ነው፤ በሌላው ጊዜ ዓይኑን ጨፍኗል።

የጨረታው ዕለት የሚሆነውን ግን የትኛውም ሂሳብ አይነግራችሁም። ሁሉም ኮምፒውተሩን ከፍቶ ይቀመጣል። በየኮምፒውተሩ ላይ የእያንዳንዱ ተጫዋች ተገቢ ዋጋ ተደርድሯል፤ ሁሉም ከሞላ ጎደል ከአንድ ምንጭ ስለቀዳው ዋጋው ያው ነው። ሁሉም ዋጋውን ካወቀ ታዲያ ከምሳ በኋላ ተጀምሮ እስከ ማታ የሚያቆየን ምንድን ነው? ስም የሚጠራው በየተራ ነው። ብልጡ መጀመሪያ የሚጠራው የሚፈልገውን ሳይሆን የማይፈልገውን ውድ ተጫዋች ነው፤ የሌሎቹ ኪስ እንዲራቆትለት። የባሰበት ብልጥ ደግሞ የማይፈልገውን ጠርቶ፣ እንደሚፈልገው መስሎ፣ ዋጋውን ሁለት ሦስት ጊዜ ሰቅሎ ይወጣል። መቼ እንደሚወጣ ማወቅ ነው ሙያው።

የሂሳብ ክፍላችን ባልደረባ በዚህ ሙያ ይታወቃል። «በርካሽ ማንም አይሄድም» የሚል መርሕ አለው፤ የገበያ ዘበኛ አድርጎ ራሱን የሾመ ሰው ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ መቺ ለጨረታ ቀረበ። አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ። ሁለት ሰዎች ናቸው የሚሟገቱት። ዘበኛው ፒዛውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው አንድ ጣት አነሳ፣ ሃያ አንድ። ከወዲያ ሃያ ሁለት ተባለ። ሃያ ሦስት። ዘበኛው ወደ ሰውየው ሳያይ «ሃያ አራት» አለ። ጸጥ። የፒዛው ቁራጭ ወደ አፉ ሲሄድ መንገድ ላይ ቆመ፤ አይቡ እንደ ክር ተዘርግቶ ተንጠለጠለ። «ሃያ አራት አንድ ጊዜ።» አንዱ ጣራውን ያያል። «ሃያ አራት ሁለት ጊዜ።» ሌላው የጫማውን ክር ጎንበስ ብሎ ማሰር ጀመረ፤ ጫማው ክር እንኳን አልነበረውም። «ተሸጠ!» ዘበኛው አይቡን ጠቅልሎ ጎረሰና ማንም ሳይጠይቀው «እኔኮ ከመጀመሪያው ነው የፈለግሁት» አለ። ዓመቱን ሙሉ የዚያን ሽማግሌ ተጫዋች ውጤት ዝርዝር ሳይጠየቅ ሲነግረን ከረመ። የሰው ልጅ ሳይፈልግ የገዛውን ነገር ለመውደድ ያለው ችሎታ ይገርመኛል።

እኛ ሐበሾች ለዚህ እንግዶች አይደለንም። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ በሚደረግ ጨረታ ላይ አንድ ድፎ ዳቦ ስንት መቶ ዶላር እንደሚያወጣ ያየ ያውቀዋል። አጫራቹ ዲያቆን ስም እየጠራ ሲያሞግስ፣ ከወዲህ የጎንደር ማኅበር፣ ከወዲያ የታክሲ ነጂዎች ወገን ዋጋ ሲሰቅሉ፣ ሴቶቹ በእልልታ ሲያጣፍጡት፣ ዳቦው ከነሙቀቱ ከመኪና ጎማ ይበልጥ ይወደዳል። ያሸነፈው መልሶ «ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቻለሁ» ይላል፤ ዳቦው እንደገና ይሸጣል። እዚያ ግን ሁሉም ሰው ዳቦው የሚሸጠው ለዳቦነቱ እንዳልሆነ ያውቃል። መስከረም ላይ ቁጭ ብሎ «ያ ድፎ ስንት ሰው አጠገበ? ለአንድ ጉርሻ ስንት ወጣበት?» እያለ በኤክሴል የሚደምር ምእመን አላየሁም። ቤዝቦሎቹ ጋ ግን አለ። የሂሳብ ክፍሉ ዘበኛ ነው።

ጨረታን በቁጥር የመረመረው ግን ዘበኛው ብቻ አይደለም። በ1971 በአንድ የነዳጅ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩ ኬፕን፣ ክላፕና ካምቤል የሚባሉ ሦስት መሐንዲሶች አንድ ነገር አስተዋሉ። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ለነዳጅ ፍለጋ የሚወጣውን ጨረታ ያሸነፉ ኩባንያዎች ትርፋቸው ከጠበቁት ያንሳል። ምክንያቱ ቀላል ሆኖ ተገኘ። ከባሕሩ በታች ያለውን ማንም አላየውም፤ ሁሉም ይገምታል፤ አንዱ አሳንሶ፣ ሌላው አብዝቶ። ጨረታውን የሚያሸንፈው ደግሞ ከሁሉም አብዝቶ የገመተው ነው። እንግዲህ «አሸነፍክ» ሲባል መደንገጥ ያስፈልጋል ማለት ነው። የእኛ ጨረታ ከነዳጁ ትንሽ ይሻላል፤ በድምፅ ስለሆነ ያሸነፈው የሚከፍለው ከሁለተኛው ሰው አንድ ዶላር አስበልጦ ብቻ ነው። የራስህን እብደት አትከፍልም፤ የጎረቤትህን እብደት ነው የምትከፍለው፣ ሲደመር አንድ ዶላር። ጎረቤትህ ጤነኛ ከሆነ ትርፍ አለህ። ግን ጤነኛ ሰው ቅዳሜውን ሙሉ እዚያ ምን ያደርጋል?

አሁን ወደ ቬኔዝዌላው ልጅ እንመለስ። ሮናልድ አኩኛ ጁኒየር በ2023 ለአትላንታ 41 ሆም ረን መትቶ 73 ቤዝ ሰረቀ። በአንድ ዓመት 40 መትቶ 70 የሰረቀ ሰው ከእሱ በፊት ታይቶ አያውቅም። በሚቀጥለው መጋቢት ስሙ ሲጠራ ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ተቀየረ። የሕግ ክፍሉ ጓደኛዬ በሃምሳ ሦስት ዶላር አስቀረው፤ ከጠቅላላ በጀቱ አንድ አምስተኛው መሆኑ ነው። በዚያው ግንቦት አኩኛ ፒትስበርግ ላይ ሁለተኛው ቤዝ ደርሶ ሦስተኛውን ሊሰርቅ ጥቂት እርምጃ ወጣ አለ፤ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ማንም ሳይነካው፣ ግራ ጉልበቱ ከዳው። ጅማቱ ተበጥሶ ነበር። 49 ጨዋታ፣ 4 ሆም ረን፣ 16 ስርቆት፣ ከዚያ ዓመቱ አለቀ። ዘበኛው ሰኞ ጠዋት ሂሳቡን ይዞ መጣ፦ ለአንድ ሆም ረን 13 ዶላር ከ25 ሳንቲም። ጓደኛዬ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ለጠፈው።

የዚያን ሳምንት ቢሮው ነቢያት ሞላበት። «እኔ ጉልበቱን አልወደድኩትም ነበር» ያላለ አልነበረም። እውነት ነው፣ በ2021 ጅማቱ ተበጥሶበት ነበር፤ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊትም ያው ጉልበቱ ትንሽ አሞት ነበር። ነገር ግን ያ ቀኙ ነው! የከዳው ግራው ነው። ነቢያቱ የተጠራጠሩት ጉልበት ሥራውን በአግባቡ ሲሠራ፣ ማንም ያልጠረጠረው ጎረቤቱ ነው የሄደው። እኔ እስከ ዛሬ የምከራከረው ሃምሳ ሦስቱ ዶላር ትክክለኛ ዋጋ ነበር ብዬ ነው። በመጋቢት የሚታወቀው ሁሉ ተቆጥሮ የተከፈለ ዋጋ፣ በግንቦት በተገኘ ወሬ አይፈረድበትም። ጓደኛዬ ግን ክርክሬን እንደ ማጽናኛ ስለሚወስደው ብዙም አይሰማኝም። «እሺ፣ ዋጋው ትክክል ነው» ይላል፣ «ጉልበቱስ?»

አትላንታ ያን ዓመት ለባለ ፋንታሲዎች የሐዘን ቤት ነበረች። ስፔንሰር ስትራይደር በ2023 20 ጨዋታ አሸንፎ 281 መቺ ያባረረ ወርዋሪ ነው። በ2024 ሁለት ጨዋታ ጀምሮ ክርኑ ለቀዶ ሕክምና ሄደ። ነባሮቹ ከበጀታቸው ወደ ሰባ ከመቶ የሚሆነውን ለመቺ፣ የቀረውን ብቻ ለወርዋሪ የሚያወጡት ወደው አይደለም። የወርዋሪ ክንድ ኢንሹራንስ የሌለው ንብረት ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ሁሉ በየዓመቱ ያው ስህተት ውስጥ ይገባል፤ ምክንያቱም ጎበዝ ወርዋሪ ሲወረውር ማየት ደስ ይላል። ደስታ በኤክሴሉ ውስጥ ዓምድ የለውም።

በዚያው ጨረታ ጃፓናዊው ሾሄይ ኦታኒ ከአኩኛ በርካሽ ሄደ። ዶጀርስ ለአሥር ዓመት 700 ሚሊዮን ዶላር የፈረሙለት ሰውዬ ነው (680ው በኋላ የሚከፈል ሆኖ፤ እንዲህ ያለ ዱቤ ለእኔም ቢገኝ ቤት እገዛ ነበር)። እኛ ጋ የረከሰው ክርኑን ታክሞ ስለነበር ያን ዓመት መወርወር ስለማይችልና ግማሽ ሰው ተብሎ ስለተቆጠረ ነው። ግማሹ ሰው 54 ሆም ረን መትቶ 59 ቤዝ ሰረቀ። ከዚያ በፊት በአንድ ዓመት ከ26 በላይ ሰርቆ አያውቅም። የገዛው ሰው ዛሬም «አይቼው ነበር» ይላል። ምኑን እንዳየው አንጠይቀውም። በ2025 ደግሞ ሜትስ በ765 ሚሊዮን ያስፈረሙት ሁዋን ሶቶ መጣ፤ ለሆም ረኑ ተገዝቶ 43 መታ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ግን 38 ቤዝም ሰረቀ፤ በ2024 7 ብቻ የነበረው ሰውዬ! ገዢው የከፈለው ለአንድ ነገር ነው፤ ሌላው በምርቃት መጣለት። ይህን ትርፍ ማን ይመዝግበው? ዘበኛው «የአጋጣሚ ገቢ» በሚል ርዕስ መዝግቦታል።

ከሁሉም የሚያስቸግረኝ ግን የአንድ ዶላሩ ጀግና ነው። ጨረታው ሊያልቅ ሲል የሁሉም ኪስ ይራቆታል። ሦስት ቦታ የቀረው ሰው ሦስት ዶላር ነው ያለው፤ ስም ጠርቶ «አንድ ዶላር» ይላል፤ ሌላውም አንድ ዶላር ብቻ ስላለው ዝም ይላል። እንዲህ በድህነት ከተገዙት መቶ ምናምን ተጫዋቾች መካከል በየዓመቱ አንድ ሁለቱ ያብባሉ። የገዛው ሰው እስከ መስከረም ድረስ ስለ እሱ ሳያወራ ሊፍት አይወጣም። «በስንት ገዛሁት? በአንድ ዶላር!» ይህንኑ ሰውዬ «ሌሎቹስ አንድ ዶላሮችህ የት ደረሱ?» ብትሉት ስማቸውን አያስታውስም። ሚያዝያ ሳያልቅ ጥሏቸው በሌላ ተክቷቸዋል። ይህ ነው የርካሹ ብልጫ፤ ሲከስር አንድ ዶላር ነው፣ ሲያተርፍ ወሰን የለውም። ባለ ሃምሳ ሦስቱ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ቢሳካለት «ይገባዋል» ይባላል፤ ባይሳካለት ወረቀት ይለጠፍለታል።

እውነተኛው ቤዝቦልም ከዚህ አይሻልም። ማይክ ፒያዛ በ1988 የተመረጠው በ62ኛው ዙር፣ 1,390ኛ ሆኖ ነው፤ ያውም የዶጀርስ አሠልጣኝ ቶሚ ላሶርዳ የአባቱ ወዳጅ ስለነበር። በ2016 የዝነኞች አዳራሽ ገባ። ታሪኩን ሁሉም ያወራዋል። በዚያው ዙር ከእሱ ጋር የተመረጡትን ግን ማን ያስታውሳቸዋል? በሌላው ጫፍ ባልቲሞር አለች። ክሪስ ዴቪስ በ2013 53 ሆም ረን ሲመታ በርካሽ የገዛው ባለ ፋንታሲ ሁሉ ነገሠ። ቡድኑ በ2016 መጀመሪያ ለሰባት ዓመት 161 ሚሊዮን ፈረመለት። ከ2018 መጨረሻ እስከ 2019 ሚያዝያ 54 ጊዜ ተከታትሎ ሳይመታ ቀረ፤ ወርዋሪ ላልሆነ ተጫዋች ክብረ ወሰን ነው። እኛ አንዲት ቁልፍ ተጭነን እንጥለዋለን፤ ባልቲሞር ግን አሰልፋው ደመወዙን ከፈለች። በዚህ አንጻር የሌለ ገንዘብ ማውጣት ካለው ገንዘብ ማውጣት እጅግ የሠለጠነ ነገር ነው።

መስከረም ላይ ዘበኛው የዓመቱን መዝገብ ይዘጋል። በአንድ ዓምድ የተከፈለው፣ በሌላው ተጫዋቹ በሠራው መሠረት ያወጣ የነበረው ዋጋ፣ በሦስተኛው ልዩነቱ፤ አረንጓዴ ለትርፍ፣ ቀይ ለኪሳራ። በ2025 ትልቁ አረንጓዴ የሲያትሉ ካል ራሌ ነበር። ካቸር (ከመቺው ጀርባ ኳስ ቀላቢ) ነው፤ ካቸር ጎንበስ ብሎ ሲውል ጉልበቱ ስለሚያልቅ፣ ዕረፍትም ስለሚበዛበት፣ ገበያው ሁልጊዜ ይንቀዋል። እሱ ግን 60 ሆም ረን መታ፤ ከዚያ በፊት ከካቸሮች ከ48 ያለፈ አልነበረም። ግን ጉዱ ከዚህ በኋላ ነው። ዘበኛው የእያንዳንዳችንን ትርፍ ቢደምር አንደኛ የወጣው የሽያጭ ክፍሉ ሰውዬ ሆነ፤ በሊጉ ግን አራተኛ ነው የጨረሰው። ሊጉን የበላችው የኮምፒውተር ክፍሏ ልጅ በትርፍ መዝገቡ አምስተኛ ናት። ዘበኛው ቀመሩን ሦስት ጊዜ ፈተሸው። ቀመሩ ደኅና ነው። ሰውየው ትርፉን ሁሉ ያከማቸው በስርቆት ነበር። በስርቆት አንደኛ ሆኖ 12 ነጥቡን ካገኘ በኋላ የተሰረቀው ቤዝ ሁሉ፣ ስድሳም ይሁን ሰባ፣ አንድ ነጥብ አይጨምርለትም። በመዝገቡ ላይ አረንጓዴ ነው፤ በጠረጴዛው ላይ ባዶ። ልጅቷ ግን ማንንም ከሠላሳ ዶላር በላይ ሳትገዛ፣ በጨረታው ሰዓት አሥር ቃል እንኳን ሳትናገር፣ የጎደላትን እየሞላች ሄደች። የተጫዋች ዋጋ ተጫዋቹ ላይ ብቻ አይደለም ያለው፤ ገዢው ቤት ውስጥ ምን ጎድሏል የሚለው ላይም ነው። ዘበኛው ይህን ስነግረው «ታዲያ አንድ ሰው ሁለት ዋጋ ሊኖረው ነው?» ብሎ ተቆጣ። አሥራ ሁለት አልኩት። ለሁለት ቀን አላናገረኝም።

ይህን ሁሉ የምዘከዝክላቸው አንድ ጋሼ አሉ። ከናሽናልስ ስታዲየም ጥቂት ራቅ ብሎ የመኪና ማቆሚያ ያስተዳድራሉ፤ ቤዝቦልን የሚያውቁት ከውጭ ነው፣ በሚመጣው መኪና። የእኔን ኤክሴል በስልኬ ላይ ባሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው መለሱልኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ከምትጎረጉር እኔን አትጠይቀኝም?»

«ምን ልጠይቅዎት ጋሼ?»

«ዋጋ ነዋ። ያ ጃፓናዊ ሲመጣ ጨዋታው ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው ይሞላልኛል። ሌላ ጊዜ ወንበሬ ላይ እንቅልፌን እለጥጣለሁ። ከዚህ ሌላ ምን ዋጋ አለ?»

«እሱኮ ለስሙ ነው ጋሼ። ያን ቀን ሳይመታ ቢውልስ?»

«ቢውልስ! ‹ሳይመታ ውሏልና የመኪና ማቆሚያዬን መልስልኝ› ብሎ የመጣ ሰው አላጋጠመኝም። ሰው የሚከፍለው ሲገባ ነው፤ ሲወጣ አይደለም።»

ይህን የሰማሁ ዕለት የሊጋችን ሰብሳቢ አድርጌ ልሾማቸው ተመኘሁ። ከባለቡድኖቹ አንዱ ወደ ሌላ ከተማ ሊዛወር ስለሆነ ቦታ እንደሚኖር ነገርኳቸው። እንዳይጨናነቁ ገንዘቡ የለም አልኳቸው። «ከሌለ ለምን ይሰጡኛል?» አሉ። ካሸነፉ ምን እንደሚያገኙ ጠየቁኝ። ኦክረንትና ጓደኞቹ ያቆዩትን ወግ እኛም እንደምንከተል፣ አሸናፊው ራስ ላይ ዩ-ሁ የሚባል የቸኮሌት መጠጥ እንደሚፈስ ገለጽኩላቸው።

«ተወኝ ልጄ። ጥምቀት በዓመት አንዴ ይበቃኛል፤ እሱንም በቸኮሌት አላደርገውም።»

አንድ መኪና አስገቡ፣ ቲኬት ቆርጠው ሰጡ፣ ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው፣ እንደ ዋዛ፣ «ያ ስልሳ የመታው፣ ጎንበስ ብሎ የሚውለው ልጅ፣ ለከርሞ ስንት የሚያወጣ ይመስልሃል?» አሉኝ።

«ሠላሳ» አልኳቸው።

«ሠላሳ አንድ» አሉ።